ለጎሽና ለዝሆን አደን የትኛው ጠመንጃ? 375፣ 416፣ 458 ወይስ ኪራይ

ከአሜሪካ ወደ ታንዛኒያ፣ ዚምባብዌ፣ ናሚቢያ ወይም ደቡብ አፍሪካ ለትልቅ አውሬ አደን ቀን የቆረጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እቤቱ አንድ 30-06 ወይም 300 ዊንቸስተር ማግነም አለው። ለቆላ አጋዘን፣ ለሳላና ለከርከሮ ያ ጠመንጃ ይበቃል፣ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። ጥያቄው የሚመጣው ጎሽ ወይም ዝሆን ሲታሰብ ነው። መልሳችንን አስቀድመን እንናገር፦ አንድ ጠመንጃ ብቻ የሚገዛ ሰው 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ይግዛ (ቁጥሩ ካሊበሩ፣ ማለትም የአረሩ ውፍረት በኢንች ሺኛ ሲለካ ነው፤ 375 ማለት 9.5 ሚሊ ሜትር ነው)። አንድ ጎሽ አድኖ ሊመለስ ያሰበ ይከራይ። 416 ዋጋ የሚያወጣው ዝሆን ላሰበ፣ እርግጫውንም ለሚችል ሰው ነው። 458ን አብሮዎት ለሚሄደው ባለሙያ አዳኝ ቢተዉለት ይሻላል።

ሕጉ ምርጫውን ገና ከጅምሩ ያጠበዋል። ታንዛኒያ ለጎሽና ለዝሆን ከ375 በታች አትፈቅድም። ዚምባብዌ የአረሩ ውፍረት ቢያንስ 9.2 ሚሊ ሜትር፣ ጉልበቱ ደግሞ ቢያንስ 5300 ጁል እንዲሆን ትጠይቃለች። ናሚቢያ ውፍረቱን ትታ ጉልበቱን ትለካለች፦ ለቆላ አጋዘንና ለሳላ 2700፣ ለጎሽና ለዝሆን 5400 ጁል። 300 ማግነም በተለመደው 11.7 ግራም አረር 4700 ጁል ገደማ ስለሚሰጥ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ተኳሽ ቢይዘው ጎሽ ላይ አይፈቀድም።

ቁጥራቸው ጎን ለጎን ሲታይ (ፍጥነቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለው ነው፤ እንደ ፋብሪካውና እንደ በርሜሉ ርዝመት ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል)፦

9.3 በ62፦ አረር 18.5 ግራም፣ በሰከንድ 720 ሜትር፣ 4800 ጁል
375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ፦ 19.4 ግራም፣ 770 ሜትር፣ 5750 ጁል
416 ሪግቢ ወይም 416 ሬሚንግተን፦ 26 ግራም፣ 730 ሜትር፣ 6900 ጁል
458 ዊንቸስተር፦ 32.4 ግራም፣ 640 ሜትር፣ 6600 ጁል

ከዚህ ዝርዝር መጀመሪያ የሚወድቀው 9.3 በ62 ነው። ከ1905 ጀምሮ የጀርመን ገበሬዎች አፍሪካ ውስጥ የተጠቀሙበት፣ ብዙ የማይረግጥና ርካሽ ጠመንጃ ነው፤ ጎሽም ብዙ ጥሏል። ግን መደበኛ ጥይቱ ከናሚቢያም ከዚምባብዌም የጉልበት ወለል በታች ነው፣ ታንዛኒያም በካሊበሩ ትከለክለዋለች። በእነዚህ አገሮች ለጎሽ የማይፈቀድ ጠመንጃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

375 በ1912 የወጣ ጥይት ነው። እስካሁን የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ በአንድ ጠመንጃ ጠዋት ጎሽ፣ ከሰዓት በኋላ 200 ሜትር ላይ የቆመ የቆላ አጋዘን መምታት ይቻላል። በ100 ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ ካስተካከሉት፣ 180 ሜትር ገደማ ላይ ካለሙበት ነጥብ ያርፋል። 270 ሜትር ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ገደማ ይወርዳል። ሌላው ጥቅሙ ሻንጣ ሲጠፋ የሚታወቅ ነው፤ ጥይትዎ አየር ማረፊያ ቢቀር፣ ከየትኛውም ካሊበር ይልቅ በደቡባዊ አፍሪካ የአደን ካምፖች የሚገኘው የ375 ጥይት ነው።

416 ከ375 በግልጽ ይበልጣል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ከፊት ለፊት የቆመ ጎሽ ላይና ዝሆን ግንባር ላይ ሰፊውና ከባዱ አረር ጠልቆ ይገባል። ገዢ የሚደናገረው በሁለቱ 416ቶች መካከል ነው። የ1911ዱ ሪግቢ ቀለሁ ትልቅ ስለሆነ ያንኑ ጉልበት በዝቅተኛ የጋዝ ግፊት ይሰጣል። በጥቅምት የዛምቤዚ ሸለቆ ሙቀት ግፊት ሲጨምር ቀለህ በርሜሉ ውስጥ የመጣበቅ ዕድሉ ያንሳል ማለት ነው። በአንጻሩ ሰፊና ረጅም አካል ያለው ጠመንጃ ይፈልጋል፣ ጥይቱም ውድ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣው ሬሚንግተን ለ375 በተሠራ አካል ውስጥ ይገባል፣ ጠመንጃውም ጥይቱም ረከስ ይላል። በጀቱ የተወሰነ ሰው ሬሚንግተኑን ይውሰድ።

458 ዊንቸስተር በ1956 ሲወጣ አጭር ቀለህ ውስጥ ብዙ ባሩድ ተጠቅጥቆ ነበር። በድሮዎቹ ጥይቶች ላይ ባሩዱ እየደደረ በትክክል አለመቀጣጠሉ ስሙን አጥፍቶታል። የዛሬዎቹ ይህ ችግር የለባቸውም። ሆኖም ከ100 ሜትር በኋላ አወራረዱ ቁልቁል ስለሆነ የቆላ አጋዘንና ሳላ አይታደንበትም። የቆሰለ ዝሆን ቁጥቋጦ ውስጥ በአሥር ሜትር የሚያስቆመው ባለሙያ ነው፣ 458ም የእሱ መሣሪያ ነው።

አሁን ሻጮች የማይነግሩት ነገር፦ እርግጫ። በተመሳሳይ ክብደት ካለው 30-06 ጋር ሲነጻጸር 375 እጥፍ ገደማ፣ 416 ወደ ሦስት እጥፍ ይረግጣል። ከ416 አምስተኛው ተኩስ በኋላ ብዙ ሰው ሳያውቀው ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውንም ወደ ፊት ይገፋል። አረሩ ዝቅ ብሎ በግራ ይሄዳል። ይህን በራስዎ ላይ ለማወቅ ጓደኛዎ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ እየቀላቀለ ጠመንጃውን ያቀባብልልዎ። ባዶው ላይ አፈሙዙ ከዘለለ ጠመንጃው አሸንፎዎታል። ይህ የኪስ ጉዳይም ነው፤ በአብዛኞቹ አገሮች ደም የታየበት አውሬ ቢሰወርም ሙሉ ክፍያው ይከፈላል። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው እርግጫ መቀነሻ መፍትሔ አይደለም፦ ድምፁ ጎንዎ የቆመውን ዱካ ተከታይ ጆሮ ይጎዳል። ብዙ ባለሙያ አዳኞችም አውጣው ይላሉ። የተሻለው መፍትሔ ክብደት ነው። ከነቴሌስኮፑ 4.5 ኪሎ የሚሆን 375 ይምረጡ፤ 3.5 ኪሎ ብቻ የሚመዝን «ቀላል» 375 መደርደሪያ ላይ እያለ ነው የሚያምረው።

በካሊበር ላይ የሚጠፋውን ጭቅጭቅ ግማሹን አረር ላይ ብናውለው ይሻል ነበር። የጎሽ የጎን አጥንቶች ሰፋፊና ተደራራቢ ናቸው፣ ከኋላቸውም በሳር የተሞላ ጨጓራ አለ። ለአሜሪካ አጋዘን የተሠራ ቶሎ የሚበተን አረር ትከሻው ላይ ይፈነዳል፣ ወይም ጨጓራው ውስጥ ይቀራል። ለመጀመሪያው ጥይት ሲመታ የሚያብብ ግን ክብደቱን የማይጥል አረር ያስፈልጋል፦ እንደ ስዊፍት ኤ-ፍሬም ያለ ሽፋኑና እርሳሱ የተጣበቀ፣ ወይም እንደ ባርንስ ቲኤስኤክስ ያለ ከመዳብ ብቻ የተሠራ። ምንም የማያብበው ጠጣር አረር ለዝሆንና ጀርባውን ሰጥቶ ለሚሸሽ የቆሰለ ጎሽ ነው። መንጋ መሀል ጠጣር መተኮስ አደገኛ ነው፤ አንዱን በስቶ ከኋላው ያለችውን ላም ያቆስላል፣ የሁለቱም ሂሳብ ለእርስዎ ይመጣል። ስለዚህ በርሜሉ ውስጥ የሚያብበው፣ ካዝናው ውስጥ ግን ጠጣሩ ይሁን፤ ቅደም ተከተሉን ባለሙያው ሊቀይረው ይችላል። የሁለቱን ማረፊያ በወረቀት ላይ ሳያወዳድሩ አይሂዱ፤ በ50 ሜትር ላይ ከአራት ጣት በላይ ከተራራቁ ሌላ ፋብሪካ ይሞክሩ።

ጠመንጃው ራሱ በእጅ የሚቀባበል፣ በጀርመኑ ማውዘር 98 ጠመንጃ ሥሪት ቀለሁን ገና ከካዝናው ሲወጣ የሚይዝ ትልቅ ጥፍር ያለው ቢሆን ይመረጣል። ጥፍሩ ትንሽ የሆነው ዓይነት ላይ ሰው ደንግጦ ማቀባበያውን ግማሽ መንገድ ስቦ ከመለሰ ሁለት ጥይት ይነካከሳል። ዊንቸስተር ሞዴል 70 ሳፋሪ ኤክስፕረስ በ375፣ በ416 ሬሚንግተንና በ458 ይሠራል። ማምረቱ የቆመው ቼክ ሠራሹ ሲዜድ 550 ያገለገለ ገበያ ላይ ሲገኝ ጥሩ ግዢ ነው፤ ምላጩና የማቀባበያው መንገድ ግን በጠመንጃ ሠሪ እጅ መለስለስ ይፈልጋሉ። ጎን ለጎን ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ያምራል፣ ዋጋው ግን የሙሉ አደን ጉዞ ነው። የትኛውንም ቢገዙ ካዝናውን ሞልተው ሁሉንም ጥይት በፍጥነት ያቀባብሉ። ጠጣሩ ክብ አፍንጫ ያለው ከሆነ አንዳንዱ ጠመንጃ ላይ ይነቀፋል፣ ይህም እቤት መታወቅ አለበት።

ቴሌስኮፕ ላይ ብዙ አንቆይም። ከ1 እስከ 6 የሚያጎላ፣ ከዓይን ቢያንስ 9 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚታይበት ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ቅንድብ ይሰነጥቃል። ማያያዣው በእጅ የሚፈታ ከሆነ ቁጥቋጦ ውስጥ በብረቱ ማነጣጠሪያ መጠቀም ይቻላል።

ልምምዱ ጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ጎሽ በብዛት ከ30 እስከ 80 ሜትር ላይ፣ ቆሞ፣ በባለሦስት እግር ድጋፍ ላይ ተደግፎ ነው የሚተኮሰው። አብዛኛውን ልምምድ በ30-06 ይሥሩና በአንድ ቀን ከ375 ከአሥር ጥይት በላይ አይተኩሱ። እስከ ጉዞው 100 የ375 ጥይት ማቃጠል በቂ ነው።

ኪራይ ወይስ ይዞ መሄድ? ተከራይ ከወረቀት ጣጣ ይድናል። የአደን አዘጋጁ ኪራዩን በቀን፣ ጥይቱን በፍሬ ያስከፍላል። ከመስማማትዎ በፊት የጠመንጃውን ፎቶ፣ የቴሌስኮፑን ዓይነት፣ የሰደፉን ርዝመትና የጥይቱን ስም በጽሑፍ ይጠይቁ። «ጥሩ 375 አለን» የሚል መልስ አይበቃም። ግራ እጅ ተኳሽ ወይም ክንዱ በጣም ረጅም ሰው ባይከራይ ይመረጣል።

ይዞ የሚሄድ ከአሜሪካ ሳይወጣ ጠመንጃውን ወደ ጉምሩክ ቢሮ ወስዶ ፎርም 4457 ያስሞላ። ደቡብ አፍሪካ ይህን የባለቤትነት ማስረጃ አድርጋ ትቀበላለች። በቅጹ ራስጌ ላይ የታተመው ቀን ያለፈ ከሆነ በአዲስ ቅጽ ያስሞሉ፣ ጆሃንስበርግ ላይ በዚህ ሰው ይጉላላል። የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ የራሱ ቅጽ 520 ይባላል፦ በጥቁር ቀለም ይሞላል፣ ፊርማው ግን ፖሊሱ ፊት እስኪደርሱ ባዶ ይተዋል። በአምስተርዳም የሚያልፍ ጠመንጃ የኔዘርላንድስ ጉምሩክን ፈቃድ ቀድሞ ይፈልጋል። በአውሮፕላን የሚፈቀደው ጥይት በአንድ መንገደኛ እስከ 5 ኪሎ ነው። 40 የሚያብብ፣ 20 ጠጣር የ375 ጥይት ከነማሸጊያው 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 60 የ416 ከ40 የ300 ማግነም ጋር ሲደመር ግን ልኩ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ሁለት ጠመንጃ ልያዝ የሚል ሰው ይህን ቀድሞ ይመዝን። ቀለሁ ግርጌ ላይ የተጻፈው ካሊበርም በርሜሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ አዳኝ ግን ከላይ ያለውን ምክር ይገልብጠው። እዚያ የውጭ አዳኞች በዋናነት የሚመጡለት የደጋ አጋዘን ነው፤ በዓለም ከባሌ፣ ከአርሲና ከአካባቢያቸው ተራሮች በቀር አይገኝም። ከ3000 ሜትር በላይ፣ አስታ በሸፈነው ገደል ማዶ ለማዶ ሲታይ ተኩሱ 200 እና 300 ሜትር ይደርሳል፣ ጠመንጃውም ቀኑን ሙሉ ዳገት በትከሻ ይወጣል። እዚህ 300 ዊንቸስተር ማግነም 375ን ይበልጣል። ፈቃዱ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን በአዘጋጁ በኩል ይጠየቃል፣ የጠመንጃው መለያ ቁጥርም ጉዞው ሳይደርስ ይላካል። ዝናብና ጉም ስለማይጠፋ የእንጨት ሰደፍ ያብጣል፣ ማረፊያውም ይዛነፋል፤ የፕላስቲኩ ሰደፍ ቢያስጠላም የሚሻለው እሱ ነው። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጠመንጃው የተስተካከለበት እንደ ሂዩስተን ያለ የቴክሳስ ከተማ ግን ከባሕር ወለል አጠገብ ነው፤ ቀጭኑ አየር አረሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለሚያሳርፈው ካምፕ እንደደረሱ በ200 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት ይሞክሩ።