ከኮምፒውተሩ በፊት ወረቀት፦ በደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚሰጥ የአልጎሪዝም ትምህርት

በደሴ ፒያሳ አካባቢ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን የአልጎሪዝም (አንድን ችግር ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ዘዴ) ትምህርት ልጄ ከክረምት ጀምሮ እየተከታተለች ነው። እኔም መምህሩን አስፈቅጄ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስላዳመጥኩ፣ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ለሚያስቡ ወላጆች ያየሁትን እጽፋለሁ።

ይህን ትምህርት ከተለመደው የኮምፒውተር ሥልጠና የሚለየው፣ ተማሪው መፍትሔውን በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ሳያሰፍርና ትክክል የሆነበትን ምክንያት ሳያስረዳ ኮምፒውተር እንዲነካ የማይፈቀድለት መሆኑ ነው። በአንዱ ክፍለ ጊዜ መምህሩ 380 ብር በጥቂት ኖት እንዴት እንደሚመለስ ጠየቁ። ተማሪዎቹ እንደ ባለሱቅ ከትልቁ ጀምረው 200፣ 100፣ 50፣ ከዚያም ሦስት 10 አሉ፤ ትክክልም ነበሩ። መምህሩ ቀጠሉና ያሉት ኖቶች የ1፣ የ3 እና የ4 ብር ብቻ ቢሆኑ 6 ብር እንዴት እንደሚመለስ ጠየቁ። ከትልቁ የጀመረ 4፣ 1 እና 1 ብሎ ሦስት ኖት ያወጣል፤ ሁለት ባለ 3 ግን ይበቁ ነበር። «ቲቸር፣ ታዲያ በእኛ ብር ለምን ይሠራል?» አለ አንዱ፤ መምህሩም መልሱን ከመንገር ይልቅ ጥያቄውን የቤት ሥራ አደረጉት። ልጄ ስትጽፍና ስትሰርዝ ሰንብታ፣ እያንዳንዱ የእኛ ኖት ከእሱ የሚበልጠውን ያለ ቀሪ ስለሚያካፍል መሆኑን ራሷ ደረሰችበት። ከአራት አማራጭ አንዱን ማጥቆር ለለመደ ተማሪ፣ ዘዴው በለመደው ምሳሌ መሥራቱ ብቻ እንደማይበቃ ማወቁ ትልቅ ለውጥ ነው እላለሁ።

በፊደል ተራ ከተደረደሩ 1000 ስሞች የተፈለገውን፣ ዝርዝሩን ከመሀል እየከፈሉ ቢበዛ በ10 እይታ ማግኘትም በዚሁ መንገድ፣ በወረቀት ነው የተማሩት። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አልተቋረጠም።

ቅር ያሰኙኝ ነገሮችም አሉ። የመልመጃ ወረቀቶቹ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለተዘጋጁ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሐሳቡን ሳይሆን ቋንቋውን በመፍታት ይደክማሉ፤ አጭር የአማርኛ ማብራሪያ ቢታከልበት ብዙ ይረዳል። ሴት ተማሪዎችም ጥቂት ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን ክፍሉ የሚለቀቀው 11 ሰዓት ላይ በመሆኑ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርዱት የኮምቦልቻ ልጆች በክረምት ጉም መንገድ ላይ ይመሽባቸዋል። ቢያንስ የእሑዱ ትምህርት ወደ ጠዋት ቢዛወር ችግሩ ይቀንሳል።

ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ብሔራዊ ፈተና ለደረሰበት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ግን አይሆንም፤ ፍሬውን ለማየት ጊዜ ይጠይቃል።