ፒጂባክሬስት በክላስተር ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፓትሮኒ በተባለው አስተባባሪ ፕሮግራም በአንድ ክላስተር (እንደ አንድ በሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) የተሳሰሩ ሦስት የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሰርቨሮች አሉን፤ አንዱ ዋና፣ ሁለቱ ተጠባባቂ። የእነዚህን ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ፒጂባክሬስት ለተባለው የባክአፕ መሣሪያ ከሰጠነው ወራት አልፈዋል። ለክላስተር ከሞከርኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም፤ ዋናው ሰርቨር የትኛው እንደሆነ እስክነግረው አይጠብቅምና።

አንድ ሰርቨር ብቻ ያለው ሰው ባክአፑን እዚያው ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምረው ክሮን ቢያስይዝ ይበቃዋል። በክላስተር ግን ዛሬ ዋና የሆነው ነገ ተጠባባቂ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ፓትሮኒ ሌላውን ዋና ያደርጋል፤ ተጠቃሚው ብዙም ሳይሰማው ሥራው ይቀጥላል። በወደቀው ሰርቨር ላይ የተያዘው የባክአፕ ሥራ ግን አብሮት ይወድቃል፤ ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ከክላስተሩ ውጪ ለባክአፕ ብቻ የሚያገለግል አራተኛ ማሽን አቆምን። በማዋቀሪያ ፋይሉ ሦስቱም ሰርቨሮች ተዘርዝረዋል፤ ሥራው በተጀመረ ቁጥር ፒጂባክሬስት እየጠየቀ ዋናውን ይለያል። እስካሁን ዋናው ሰርቨር ደጋግሞ ተቀያይሯል፤ በዚህ ምክንያት የተቋረጠ የሌሊት ባክአፕ ግን የለም።

ባክአፕ-ስታንድባይ የሚለውን አማራጭ ወድጄዋለሁ። የዳታ ፋይሎቹ በአብዛኛው የሚቀዱት ከተጠባባቂው ስለሆነ የዋናው ሰርቨር ዲስክ አይጨናነቅም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ አማራጩ በግዴታ ከተቀመጠ ተጠባባቂ በጠፋበት ሌሊት ባክአፕ አይኖርም። አዳዲሶቹ እትሞች «ፕሪፈር» የሚል ዋጋ ስለሚቀበሉ ተጠባባቂ ሲጠፋ ከዋናው ይቀዳሉ። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

መሣሪያው የራሱ የጊዜ ሰሌዳ የለውም፤ ክሮን ወይም ሲስተምዲ ያስፈልጋል። ሙሉው ባክአፕ እሑድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት (በ24 ሰዓት አቆጣጠር 02:00) ይወሰዳል፣ በሌሎቹ ሌሊቶች የተለወጠው ብቻ። ሰርቨሮቻችን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ) ሰዓት ስለሚሠሩ ክሮን ላይ የሚጻፈው 23 ሰዓት ነው፤ ቀኑም እሑድ ሳይሆን ቅዳሜ። የአገራችን ሰዓት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ስለሚቀድም ቀኑም አብሮ ይዞራል። ይህን ለአዲስ ባልደረባ ሁሉ አስቀድሜ እነግራለሁ።

በሁለት ባክአፖች መካከል የሚሆነውን ሁሉ የሚይዙት ዋል የሚባሉት የለውጥ መዝገቦች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በተለመደው አሠራር 16 ሜጋባይት ይሆናሉ። ወደ ባክአፑ ማከማቻ የሚልካቸው ትእዛዝ በፓትሮኒ የጋራ ማዋቀሪያ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ያኔ ዋና የሆነው ሰርቨር ሁሉ ይልካል። የባክአፑ ማሽን ለረጅም ጊዜ ከጠፋ መዝገቦቹ በዋናው ሰርቨር ላይ ይከማቻሉ፤ ዲስኩ ከሞላ ዳታቤዙ ይቆማል። ይህን ለመከላከል ለመላክ የሚጠብቁት ሲበዙ ፒጂባክሬስት መዝገቦቹን ሳይልክ እንዲተዋቸው ማዘዝ ይቻላል። ነገር ግን ሰንሰለቱ ከተበጠሰ አዲስ ባክአፕ እስኪወሰድ ድረስ ከክፍተቱ በኋላ ወዳለ ሰዓት መመለስ አይቻልም። እኛ አልፈቀድንለትም፤ ሰፊ ዲስክና ቀድሞ የሚጮኽ ማንቂያ መረጥን።

«ሦስት ቅጂ እያለን ባክአፕ ለምን?» የሚሉ ኃላፊዎች አሁንም አሉ። በዋናው ላይ በስህተት የተሰረዘ ሠንጠረዥ ወዲያው ከተጠባባቂዎቹም ይሰረዛል። በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ በተባለው የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ድርጅት ላይ የደረሰውን ማንበብ ይበቃል፦ ዳታው በስህተት ከዋናው ሰርቨር ተሰረዘ፤ የየዕለቱ ባክአፕ ደግሞ በፕሮግራም እትም አለመጣጣም ምክንያት ማንም ሳያውቅ ሲከሽፍ ቆይቶ ነበር። ያዳናቸው ከአደጋው 6 ሰዓታት ገደማ ቀደም ብሎ የተወሰደ የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ ነው። በመካከሉ የገባው መረጃ ጠፋ።

ስለዚህ በየወሩ በተለየ ማሽን ላይ ዳታቤዙን ከባክአፑ እንመልሳለን፤ ዳታቤዙን የሚጠቀመው ፕሮግራም ተከፍቶ የመጨረሻዎቹ ሰነዶች ሲታዩ ብቻ «ባክአፕ አለን» ብለን እንፈርማለን። በብቸኛ ሰርቨር ላይ መመለሱ ቀላልና ፈጣን ነው፤ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ የሚተካው «ዴልታ» ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ሙሉ ክላስተር መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፓትሮኒ በሁሉም ላይ መቆም አለበት፣ ፓትሮኒ በሚጠቀምበት የጋራ መዝገብ በኢቲሲዲ የተቀመጠው የክላስተሩ ሁኔታ መጽዳት አለበት፣ አንዱ ተመልሶ ሲነሣ ሌሎቹ ከእርሱ እንደገና መገንባት አለባቸው። የፒጂባክሬስት መመሪያ የራሱን ድርሻ፣ የፓትሮኒ መመሪያም የራሱን ብቻ ይናገራል። ቅደም ተከተሉን በአማርኛ ጽፈን፣ አትመን በሰርቨር ክፍሉ ሰቅለነዋል፤ በአደጋ ሰዓት መመሪያ የሚፈልግ ሰው ኢንተርኔት ላይኖረው ይችላል።

ቅሬታም አለኝ። ስንት ሙሉ ባክአፕ እንደሚቆይ ካልወሰናችሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሁሉንም እያከማቸ ይቀጥላል። ባክአፕ ሲከሽፍም በኢሜይል አያሳውቅም፤ ሁኔታውን የሚከታተል ፕሮግራም ራሳችሁ ማያያዝ ይኖርባችኋል። ማከማቻውን በምስጢር ቁልፍ መዝጋት የምትፈልጉ ከሆነ ከመጀመሪያው ወስኑ፤ ከተፈጠረ በኋላ አይቀየርም።

ለአንድ ትንሽ ዳታቤዝ ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣው ቀላል መሣሪያ ፒጂ-ደምፕ ይበቃል፤ ይህን ሁሉ መሸከም አያስፈልግም። ለክላስተር ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ቀጣዩ ሥራችን ከሕንጻው ውጪ ሁለተኛ ማከማቻ ማከል ነው። መዝገቦቹ ወደ ሁለቱም ይላካሉ፤ ባክአፑ ግን ለእያንዳንዱ ማከማቻ ለየብቻው መታዘዝ ስላለበት ክሮን ላይ ሌላ መስመር ይጨመራል።