የውሃ መስመር ለማሳደስ ላሰባችሁ፦ ምስጋናም ጥቆማም

እግዚአብሔር ይስጣቸው! መጀመሪያ ይሄን ልበል፣ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ።

የራሱን የውሃ መስመር የሚያስተዳድር የነዋሪዎች ማኅበር ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይ ቧንቧችሁ ያረጀባችሁ፣ ይሄን ጽሁፍ ሳታነቡ እንዳታልፉ። ትንሽ ይረዝማል። የቆየ ብሶት ስላለበት ነው።

የእኛ ዋና መስመር ብረት ነው። እኔ ሳልወለድ የተቀበረ ብረት። ዝገቱ ከውስጥ እየተቆለለ መተላለፊያውን ስላጠበበው ከላይ በኩል ያሉት ቤቶች ውሃ የሚያዩት ሰው ሁሉ ሲተኛ ነበር። ከታች ያሉት ያገኛሉ፣ ግን ቀይ ነው። ነጭ ልብስ ማጠብ ከተውን ቆይተናል። እኔ ደግሞ የማኅበሩ ኮሚቴ አባል ነኝ። ኮሚቴ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ውሃ ሲጠፋ ስልኩ የሚደወለው እኛ ጋ ነው፣ ስድቡም የሚወርደው እኛው ላይ ነው።

ዝም ብለን የተቀመጥን እንዳይመስላችሁ። ደጋግመን አሠርተናል። ማን ሠራው የሚለው ነው ነገሩ።

የመጀመሪያዎቹ (ስም አልጠራም) ቅድሚያ ክፍያ ተቀበሉ፣ መጡ፣ ቆፈሩ፣ የሚያፈሰውን ቦታ በጎማ ቁራጭና በሽቦ ጠፍረው አፈር መለሱበት። አፈሩንም የመለሱት ግማሹን ነው። የቀረው ጉድጓድ አፉን እንደከፈተ ዝናብ ገባበት። ልጆች እንዳይወድቁበት ተራ ገብተን ጠብቀናል። ስንደውል መጀመሪያ መልሱ «መንገድ ላይ ነን» ነበር። ቀጥሎ ዝም። ቀጥሎ ቁጥሩ ጭራሽ አይሠራም።

ሁለተኞቹ ሱፍ ለብሰው፣ ላፕቶፕ ይዘው የመጡ ናቸው። መስመሩን በእግራቸው ሳይሄዱበት «ችግራችሁ የግፊት ማነስ ነው» አሉንና ትልቅ ፓምፕ አስገዙን። ለጥቂት ቀናት ውሃው ላይኛው ፎቅ ድረስ ወጣ፣ እልል አልን። ከዚያ ያ ሁሉ ግፊት ያረጀውን ብረት እዚህም እዚያም ይበሳው ጀመር። አንዱን ስንደፍን ሌላው ይፈነዳል። ደውለን ስንነግራቸው «ፓምፑ እኮ በትክክል እየሠራ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው፣ ፓምፑ ይሠራ ነበር።

በመሃል ደጅ የጠናንበት ቢሮም አለ። እሱን ተዉት። ማመልከቻችን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ከርሞ መጨረሻ ላይ «ቅጂ አላችሁ?» ተብለናል።

አሁን የማመሰግናቸውን ሰዎች የጠቆመችኝ ሌላ ማኅበር ውስጥ ያለች ዘመዴ ናት። ብዙም ተስፋ አላደረግኩም ነበር። ሲመጡ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ፎርማንና ጥቂት ወጣቶች ናቸው። አካፋ እንኳ አልያዙም። የፎርማኑ የመጀመሪያ ጥያቄ «ካርታ አላችሁ?» የሚል ነበር። የለንም። «እሺ፣ ይሄ መስመር ሲቀበር ያየ ሰው አለ?»

አለ። ድሮ መስመሩን ይቆጣጠሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አባት አሉን። ከዚህ በፊት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲባክን በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። ፎርማኑ በራቸውን አንኳኩተው «አባቴ፣ እርስዎ ካላሳዩን አንቆፍርም» አሏቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። መታጠፊያውን ሁሉ በከዘራ እየጠቆሙ፣ ወጣቶቹም መሬቱ ላይ በቀለም ምልክት እያደረጉ ሰፈሩን በሙሉ ዞሩት። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ጋ ቫልቭ አለ» አሉ። የምናየው ሲሚንቶ ብቻ ነው። ተሰበረ፣ አለ! ሽማግሌው የዚያን ቀን የሳቁትን ሳቅ እኔ ጎረቤታቸው ሆኜ አይቼው አላውቅም።

ያ ቫልቭ ሲከፈት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ አፈሩን በብሩሽ ጠረገ፣ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበት፣ ትንሽ አዞረው፣ መልሶ አዞረው፣ ደግሞ ትንሽ። እኔ ቸኩያለሁ። «ምነው ጠንከር አታደርገውም?» አልኩት። «እትዬ፣ ይሄ ስንት ዓመት ያልተነካ ነው፤ ካስገደዱት ይሰበራል» አለኝ። ዙሩን እየቆጠረ ደብተር ላይ ይጽፋል። ነገ ሌላ ሠራተኛ ቢመጣ ስንት ዙር ላይ እንደሚዘጋ እንዲያውቅ ነው አለ። ለማያውቀው ሰው የሚያስብ ሠራተኛ ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ቫልቮቹን ቢያንስ በዓመት አንዴ ዝጉና ክፈቱ፣ አለበለዚያ እንደገና ይነክሳሉ ብሎናል።

ግን እኔን ያሳመነኝ ሌሊቱ ነው።

ፎርማኑ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማን ውሃ ይጠቀማል?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም። «እንግዲያው እንይ» ብለው ዋናው ቆጣሪ ጋ ወሰዱኝ። ባትሪ አበሩበት። ሰፈሩ ጭር ብሏል፣ ሁሉም ተኝቷል፣ ቆጣሪው ግን እየሮጠ ነው። የሚሮጠው የኛ ውሃ ነው፣ የሚገባበት ግን አይታወቅም። ቀጥለው ቫልቮቹን አንድ በአንድ ያዘጉ ጀመር፤ ዓይናቸው ቆጣሪው ላይ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሩጫው በአንዴ ቀዘቀዘ። «እዚህ ነው» አሉ።

ከዚያ ረጅም የብረት ዘንግ አወጡ። አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልብ እንደሚያዳምጥ ሐኪም ቆሙ። ጥቂት ሄድ ይላሉ፣ ደግሞ ያዳምጣሉ። ሌሊት የሆነበትን ምክንያት በኋላ ነገሩኝ፦ ሰው ውሃ ሲዘጋ መስመሩ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ቀዳዳው በኃይል ያፈሳል፣ ድምፁም የመኪና ጫጫታ ስለሌለ ይለያል። «ነዪ፣ አንቺም ስሚ» አሉኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሽሽሽ የሚል ነገር፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። ያን ያህል ዘመን የከፈልንበትን ውሃ በጆሮዬ ሰማሁት። መሬቱ ላይ መስቀል ምልክት አደረጉና «ነገ እዚህ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ምልክቱ ላይ ተቆፈረ። ልክ እዚያው ነው። የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ። ውሃው ወደ ላይ ሳይወጣ ከሥር ባለ አሮጌ የፍሳሽ ቦይ ይሄድ ስለነበር ማንም አላየውም። ፎርማኑ ሂሳቡን መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ሠሩልኝ፦ በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ የሚያፈስ ቀዳዳ በቀን 1,440 ሊትር ያባክናል፣ በዓመት ከ500 ሜትር ኩብ ያልፋል። «ይቺ ደግሞ በ1 ሊትር የምትረካ አይደለችም» አሉ። ወይ ፓምፕ! ወይ የኛ ገንዘብ!

ስለ ቀሪው ሥራ ብትጠይቁኝ ብዙም አልገባኝም። የባሰበትን ክፍል በፕላስቲክ ቧንቧ ቀየሩት፣ አሸዋ አነጠፉ፣ ከላዩ ላይ ለነገ ቆፋሪ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ባለ ቀለም ፕላስቲክ ዘረጉ፣ ፓምፑንም አቅሙን ቀነሱት። የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር «ሁሉም ይነቀል» አለማለታቸው ነው። የትኛው አሁን፣ የትኛው ቆይቶ ይቀየር የሚለውን በቅደም ተከተል ጽፈው ሰጥተውናል። ሥራ የሚፈልግ ሰው እኮ ሁሉንም ንቀሉ ቢለን እሺ ነበር የምንለው።

አሁን ወደ ልቤ ልምጣ። ውሃው ከመቋረጡ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ፎርማኑ ራሳቸው ቤት ለቤት ዞሩ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቋረጥ ተናገሩ። ሁሉም ቤት ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ቤት ውስጥ ሕመምተኛ፣ አቅመ ደካማ፣ አራስ አለ?» ጎረቤቴ አራስ ናት፣ ባሏም ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። ስሟን አልጻፉም፣ የበሯን ቁጥር ብቻ ያዙ። በማግስቱ ሥራው ሳይጀመር ያ ቫልቩን የከፈተው ወጣት ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ደረጃውን ወጣ። ሥራው ከታሰበው በላይ ሲዘገይ ደግሞ ማታ ላይ ጭቃ በጭቃ እንደሆነ ተመልሶ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በካልሲ ገብቶ፣ ጀሪካኖቹን ሞልቶላት ወጣ። ማንም አላዘዘውም። እሷ ስትነግረኝ እንባዋ መጣ፣ የእኔም።

እኔ ያደግኩት ውሃ በሌሊት በሚመጣበት ቤት ነው። እናቴ የቧንቧውን አፍ ክፍት አድርጋ ባልዲ ከሥሩ ታስቀምጥና ትተኛለች። አየሩ ፉጭ ሲል ከእንቅልፏ ትነሳለች፣ እኛንም ትቀሰቅሰናለች። ዛሬም ቧንቧ ድምፅ ካሰማ እነቃለሁ። ለዚህ ነው የአንዲት እናት ጀሪካን መሙላት ለእኔ ትልቅ ነገር የሆነው። ያንን ደረጃ የወጣ አንድ ሰው ያኔ ቢኖር እናቴ ስንት ሌሊት በተኛች ነበር።

ሥራው አልቆም ጥለውን አልሄዱም። ውሃውን የለቀቁት ቀስ ብለው ነው፣ በአንዴ ከተለቀቀ መስመሩን ይመታዋል አሉ። መጀመሪያ የመጣው የቆሸሸ ውሃ እስኪጠራ ከጫፍ አፈሰሱት። ከዚያ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከቧንቧው ቀድተው እንክብል ጨመሩበት፣ ውሃው ሮዝ ሆነ። ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቧንቧ ጫፍ ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም እንዲኖር ይመክራል፣ የእኛንም ከቀለም ሰንጠረዥ ጋር አስተያይተው አሳዩን። መስመር ባዶ ሲሆን በቀዳዳው በኩል ከውጭ ያለው ቆሻሻ ሊሳብ እንደሚችል ያኔ ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት ብልቃጡንም እንክብሉንም ያሳየን ሰው አልነበረም። ከመሄዳቸው በፊት ደግሞ ያልነበረንን ካርታ ሠርተው አስረከቡን። የሽማግሌው ስም ከሥሩ ተጽፎበታል።

ጉድለት የላቸውም አልልም። ቀስ ይላሉ። የሚቸኩል ኮሚቴ ካለ ይበሳጫል። እኔም ተበሳጭቼ ነበር። ግን የፈጣኖቹን ጉድጓድ ስንጠብቅ የከረምን ሰዎች ነንና ቀስታውን እንችለዋለን።

ስለዚህ ልለምናችሁ፦ መስመር ለማሳደስ ካሰባችሁ መጀመሪያ እነሱን አስጠሩ። ባትቀጥሯቸው እንኳ መጥተው ያዳምጡላችሁ። ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ያዳምጡላችሁ! እነሱን ካላገኛችሁ ደግሞ ሌላውን ባለሙያ «ሌሊት ቆጣሪውን ታየዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላመነታ ያዙት።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትደውሉ ግን ወደ ማታ ይሁን፤ ቀን ቀን ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፣ ስልክ አይሰሙም።