ትልቅ አናሎግ ኮንሶል ወይስ ኮምፒውተር? ጅማ ላይ ስቱዲዮ ለምትከፍቱ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አቀናባሪ መጥቶ "ጋሼ፣ ያገለገለ ባለ 32 ቻናል አናሎግ ኮንሶል አግኝቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ምን ይመክሩኛል?" አለኝ። ኮንሶል ማለት ብዙ ድምፆችን በየቻናላቸው ተቀብሎ የሚቀላቅል (ሚክስ የሚያደርግ) ትልቅ ጠረጴዛ ነው። እኔ አናሎግ ላይ ሚክስ ማድረግ የተማርኩ ሰው ነኝ። ነገሩን ስለምወደው ዝም ብዬ "ተወው" ማለት አልቻልኩም። ኮንሶሉንና ኮምፒውተሩን ጎን ለጎን አድርጌ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

ከድምፁ እንጀምር። ስለ አናሎግ "ሙቀት" የሚወራው ተረት አይደለም። ሲግናሉ በትራንስፎርመርና በአምፕሊፋየር ውስጥ ሲያልፍ፣ በተለይ ጠንከር አድርጋችሁ ስትገፉት፣ ትንሽ ይዛባል፤ ጆሯችን የሚወደው ያቺን መዛባት ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒቭ 1073 የተባለው የኮንሶል ቻናል ዛሬም የሚፈለገው ለዚህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ግን ትራኮችን መደመር የቁጥር ሒሳብ ብቻ ነው። ንጹህ ነው፣ ቀለም የለውም። ቀለሙን ከፈለጋችሁ በፕላግኢን (ድምፁን በሚቀይር ተጨማሪ ፕሮግራም) ትጨምራላችሁ። በጥሩ ፕላግኢንና በእውነተኛው ኮንሶል መካከል ልዩነት እሰማለሁ፤ ግን ባዶ የብሎኬት ግድግዳ ያለው ክፍል ሚክሳችሁ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። አናሎግ የሆነ ሁሉ እንደ ታዋቂዎቹ የስቱዲዮ ኮንሶሎች ኒቭ ወይም ኤስኤስኤል አይደለም። እዚህ አካባቢ ለሽያጭ የሚመጣው አብዛኛው ለመድረክ ወይም ለአዳራሽ የተሠራ ሚክሰር ነው፤ ሥራውን በደንብ ይሠራል፣ ግን ስትገፉት የሚያምር ቀለም ሳይሆን የ“ሽሽ” ድምፅና ጭረት ነው የሚሰጣችሁ።

አሁን ወደሚያመኝ ጉዳይ ልምጣ። ከዓመታት በፊት አንድ ዘፈን በአናሎግ ሚክሰር ጨርሼ አስረከብኩ። በአሥረኛው ቀን ድምፃዊው መጥቶ "ማሲንቆው ትንሽ ከፍ ይበልልኝ፣ ሌላው እንዳለ ይሁን" አለኝ። ትንሽ! በመሀል ሌላ ሰው ሌላ ሥራ ሠርቶበት እያንዳንዱ ኖብ (የሚዞር ቁልፍ) ከቦታው ተነቃንቋል። በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ እያየሁ ቀኑን ሙሉ መለስኩት፤ ያም ሆኖ ያው ሚክስ አልሆነም። ኤስኤስኤል 4000ን ዝነኛ ያደረገው "ቶታል ሪኮል" እንኳ ኖቦቹን ራሱ አይመልስም። የነበሩበትን ቦታ በስክሪን ያሳያል፣ የምትመልሱት በእጃችሁ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፕሮጀክቱን ትከፍታላችሁ፣ ማሲንቆውን ከፍ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ። ደንበኛ ሚክሱን በቴሌግራም ተቀብሎ አምስቴ አስተካክሉልኝ በሚልበት ዘመን ይህ ብቻውን ውሳኔውን ሊጨርሰው ይችላል።

ቀጥሎ የእኛ ከተማ ነገር አለ። ጅማ ዝናብ ይወዳታል። እርጥበቱ የፌደርና (የሚንሸራተተው የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) የኖብ ውስጥ ግንኙነቶችን ይበላል፤ ክረምት ሲወጣ ስታዞሩት የሚንኮሻኮሽ፣ ካልተጫኑት በቀኝ በኩል ድምፅ የማያወጣ ቻናል ታገኛላችሁ። ያረጀ ኮንሶል ላይ ደግሞ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች) ይደርቃሉ፤ እያንዳንዱ ቻናል ብዙ አለው፣ ያንን በ32 አባዙት። የሚነቅል፣ የሚበይድ፣ ስኬማቲክ (የኤሌክትሪክ መስመሩን ንድፍ) የሚያነብ ሰው እዚሁ አላችሁ ወይ? ከሌለ ኮንሶሉን በመኪና ጭናችሁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ ልትወስዱት ነው። የመብራት መቆራረጥም አለ። ኮምፒውተርና ሁለት ሞኒተር በመካከለኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚይዝ ባትሪ) ሥራችሁን ሴቭ እስክታደርጉ ይቆያሉ። ትልቅ ኮንሶል ግን ፓወር ሰፕላዩም ብዙ ይበላል፣ ሙቀቱም ማቀዝቀዣ ይፈልጋል።

ወጪውን ስታሰሉ የኮንሶሉን ዋጋ ብቻ አትዩ። 24 ትራክ ከኮምፒውተር ወደ ኮንሶል ለማውጣት 24 አናሎግ መውጫ ያለው ኮንቨርተር (ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር)፣ ያን ያህል ባላንስድ (ጫጫታ የሚከላከል) ኬብልና ፓችቤይ (ኬብሎች የሚገናኙበት ሰሌዳ) ያስፈልጋል። በሌላው በኩል ሪፐር የሚባለው የመቅጃና የሚክስ ሶፍትዌር ለግለሰብና ለትንሽ ንግድ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው።

ታዲያ ኮንሶል የሚያሸንፍበት የለም? አለ እንጂ! ባንድ በአንድ ላይ የምትቀዱ ከሆነ፣ ከበሮው፣ ክራሩ፣ ቤዙ፣ ድምፃዊውም አንዴ የሚገቡ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የጆሮ ማዳመጫ የራሱን ሚክስ ያለ ምንም መዘግየት መስጠት ትልቅ ነገር ነው። በኮምፒውተር በኩል በ48 ኪሎኸርዝ በ256 ሳምፕል ባፈር (ኮምፒውተሩ በአንዴ በሚያስተናግደው የድምፅ ቁራጭ) ስትሠሩ መግቢያው ላይ ብቻ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል፣ መውጫው ላይም እንዲሁ፤ ድምፃዊ ይህን ይሰማዋል። ሌላው እጅ ነው። ስክሪኑን ትታችሁ ስምንት ፌደር በአንዴ ስትይዙ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው የምትወስኑት። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የሠራኋቸው ሚክሶች እንደዚያ የተሠሩ ናቸው።

ሁለቱንም ለሚፈልግ መካከለኛ መንገድ አለ። እንደ ኤስኤስኤል ቢግ ሲክስ ያለ ትንሽ አናሎግ ሚክሰር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በዩኤስቢ 16 ቻናል ያስገባል ያስወጣል፣ ሙሉ ሚክሱን አንድ ላይ የሚያጠብቅ ኮምፕሬሰርም (bus compressor) አለው። ርካሽ አይደለም፣ ግን ሲበላሽ በሻንጣ ይሄዳል። እጅ ብቻ የናፈቀው ደግሞ የፌደር ኮንትሮለር ይበቃዋል።

ያገለገለውን ግዴታ የምትገዙ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት አብርታችሁ አቆዩት። ብዙው ችግር የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ እያንዳንዱን ቻናል፣ እያንዳንዱን ቁልፍ እያዞራችሁ ስሙ። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

ልጁን "ማንን ነው የምትቀዳው?" አልኩት። "ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ" አለኝ። ክፍሉ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ዝናብ ሲጀምር ቀረጻ ይቆማል። ትናንት ከኮንሶሉ በፊት ክፍሉን ለማስተካከል ሜትር ይዘን ሄደን ለኮርኒስ ስንለካ ነበር።