የአባቴን አንገት ላየው ፀጉር አስተካካይ

ሰላም የማርቆስ ልጆች። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ዶክተር አይደለም፤ የአባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ድምፃቸው ከሻከረ ሰንብቶ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲተነፍሱት የኖሩት የጠመኔ ብናኝ ነው ብለን ተውነው። አንድ ክሊኒክም ጉሮሮ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ሸኘን። አንገታቸውን ደግሞ ማን ያየዋል? የጮቄን ብርድ እያሳበቡ ከፎጣ አይለዩም።

ፎጣው የሚወልቀው ፀጉር ቤት ነው። ልጁ ጢማቸውን እየላጨ አንገታቸው ጋ ሲደርስ ምላጩን አስቀመጠና «ጋሼ፣ እስቲ ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ» አላቸው። ዋጥ ሲያደርጉ እብጠቷ ከማንቁርታቸው ጋር ብድግ አለች። አባቴ «ደሞ እንቅርት የሴት ነው» ብለው ሊስቁበት ሞከሩ፤ እሱ ግን ስልክ ቁጥሬን ተቀብሎ ደወለልኝና «እህቴ፣ ሳይውል ሳያድር አሳዪያቸው» አለኝ።

ባሕር ዳር ወሰድናቸው። አልትራሳውንድ ታዩ፣ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችው፣ ስታብጥ እንቅርት የምንላት እጢ) ካንሰር ሆኖ መጣ፤ ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት። ሐኪሙ እንዳስረዱን በሽታው ሴቶችን ከወንዶች ሦስት እጥፍ ገደማ ያጠቃል፣ ወንድ ላይ እብጠት ሲገኝ ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። አያምምም እኮ፤ ሰው የሚዘናጋው ለዚህ ነው። ደግነቱ ፓፒላሪ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ሰው ይድናል። ደግሞ እንዳትደነግጡ፣ አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም።

የታይሮይድ እጢው ሙሉ በሙሉ ወጣ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ካልሲየማቸው ወርዶ ጣታቸውን ይነዝራቸው ጀመር፤ እሱም በኪኒን ተስተካከለ። አሁን ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ሌቮታይሮክሲን አላቸው፤ የወጣው እጢ ያመነጨው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ይውጡትና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቁርስም ቡናም የለም። ለአባቴ ይቺ ከኦፕራሲዮኑ ትብሳለች፤ ጀበናውን እያዩ ሰዓት ይቆጥራሉ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሥራው ንጹሕ ነው። ምላጭ እፊታችሁ ከፍቶ ይቀይራል፣ ማሽኑን በአልኮል ይጠርጋል፣ ዋጋ አይቆልልም፣ ሽማግሌ ከመጣ ቅድሚያ ይሰጣል። ኳስ ካነሳችሁበት ግን አለቀላችሁ፤ እሱን ቻሉት። የኔ ወንድም፣ ይህን ካነበብከው እጅህ ይባረክ፣ ቤትህ ይሙላ፤ እናቴ በየቀኑ ስትመርቅህ ነው የምትውለው።

ስሜ አይጠራ ስላለ አልጠራሁትም። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ግን አትሂዱ፣ ወረፋው አይጣል ነው።