የመኪና መስታወት ማንሻ ሲሰበር፦ ያገለገለ ኦርጅናል፣ አዲስ ቅጂ ወይስ ጥገና?

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር ሙቀቱን ለማስታገሥ መስታወቱን ዝቅ ማድረጉ አይቀርም፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን አፋፍ ላይ ሲወጣ ደግሞ ብርዱ ስለሚቀበለው መልሶ ይዘጋዋል። የጃፓን ሥሪት የሆነችው ትንሿ መኪናዬ ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር መስታወቷን አውርዳ አልመልስም ያለችው በዚሁ መንገድ ላይ ነበር። ማብሪያውን ስነካው ሞተሩ ይጮኻል፣ ከበሩ ሆድ ውስጥ ደረቅ ፕላስቲክ እንደሚሰነጠቅ ያለ ድምፅ ይሰማል፣ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በግራ ትከሻዬ ላይ ጋቢ ደርቤ በዝናብ ጨረስሁት። ከዚያ ወዲህ በራሴ መኪናና በጎረቤቴ ኮሮላ ላይ ማንሻ በቤት ቀይሬአለሁ፤ ከዚህ በታች የማነጻጽረውም በገበያ ላይ ከሚገኙት አማራጮች ለየትኛው ብልሽት የትኛው እንደሚበጅ ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት የተበላሸው ማንሻው፣ ማለትም በበሩ ሆድ ውስጥ ሆኖ በሞተሩ ጉልበት መስታወቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ስለ መሆኑ እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል። ሞተሩ እየጮኸ መስታወቱ የማይንቀሳቀስ፣ አንድ ወገኑ ብቻ ተነሥቶ የሚያዘነብል ወይም በእጅ ሲጫኑት ያለ ተቃውሞ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የማንሻው ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ግን ችግሩ ከፊውዙ፣ ከማብሪያው፣ ከሞተሩ ወይም ከአካሉ ወደ በሩ በጎማ ቱቦ ውስጥ ከሚያልፈው ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሽቦ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ መበጠሱ የተለመደ ነው። መስታወቱን ደጋግሞ ከፍና ዝቅ ሲያደርግ ሞተሩ ድንገት የቆመበት ሰውም ተቃጠለ ብሎ አይቸኩል፤ አብዛኞቹ ሞተሮች ሲግሉ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መከላከያ በውስጣቸው ስላለ ጥቂት ደቂቃ ቀዝቅዘው ይመለሳሉ።

ማንሻ በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ የግዢው ውሳኔም በአብዛኛው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የመቀሱ ዓይነት ሁለት የብረት ክንዶች መካከላቸው ላይ ተጣምረው የሚሠሩበት ሲሆን፣ አንደኛው ክንድ ጥርስ ካለው ብረት ጋር ስለተያያዘ ሞተሩ ጥርሱን ባዞረው ቁጥር ክንዶቹ እንደ መቀስ እየተከፈቱና እየተዘጉ መስታወቱን ያነሡታል። በካቦው ዓይነት ደግሞ ቀጭን የብረት ገመድ ሞተሩ በሚያዞረው የፕላስቲክ ጥቅልል ላይ እየተጠመጠመ፣ ከላይና ከታች ባሉ ትንንሽ መዘውሮች ላይ አልፎ፣ መስታወቱን የያዘውን ተንሸራታች በሐዲድ ላይ ይጎትተዋል። በአሮጌዎቹ ኮሮላዎች የፊት በሮች ውስጥ የሚገኘው የመቀሱ ነው፤ በብዙ የአውሮፓና የኮሪያ መኪኖች ውስጥ ደግሞ የካቦው ይበዛል። ሻጩን ከመጠየቅ ይልቅ የበሩን ፓኔል አውርዶ በዓይን ማየት ይሻላል፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት መኪኖች በሥሪት ዘመናቸው ብቻ የተለያየ ማንሻ ሊኖራቸው ይችላልና።

ለመቀሱ ዓይነት ያለ ማመንታት ያገለገለ ኦርጅናል እመርጣለሁ። አካሉ ወፍራም ብረት ስለሆነ በቀላሉ አያልቅም፤ የሚያልቁት ክፍሎች ማለትም በክንዶቹ ጫፍ ላይ ያሉት የፕላስቲክ ተሽከርካሪዎች፣ ክንዶቹ የተጣመሩበት ሪቬትና የጥርሱ መሐል ደግሞ ሁሉም ከውጭ የሚታዩ ናቸው። ገዢው ሁለቱን ክንዶች በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጎን ሲያወዛውዛቸው ሪቬቱ ላይ ልልነት ከተሰማው፣ ወይም የመሐሉ ጥርሶች ከዳርና ዳሩ ይልቅ ሾለው ካያቸው ይተወው። በአንጻሩ በርካሽ የሚሸጠው አዲስ ቅጂ ብዙ ጊዜ ከስስ ላሜራ የተቆረጠ በመሆኑ መስታወቱ ወደ ላይኛው ጎማ ሲደርስ ክንዱ ይለመጣል፤ መስታወቱም በአንድ ጥግ ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተዋል። ለጎረቤቴ ኮሮላ መጀመሪያ የተገዛው እንዲህ ያለው ነበር፤ ያገለገለውን አዲስ አበባ ካለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ አስመጥተን የገጠምነው ሁለተኛ ወር ሳይሞላ ነው፤ እስከ አሁንም እየሠራ ነው። አዲስ ቅጂውን የማመሰግንበት አንድ ነገር ቢኖር ዝገት የሌለበት መሆኑ ነው፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ከሚረጭባቸው አገሮች በመጡ መኪኖች በሮች ውስጥ የታችኛው ብረት በዝገት ተበልቶ ሊገኝ ስለሚችል ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ያንን ወገን ገልብጦ ማየት አለበት።

ለካቦው ዓይነት ፍርዴ ተቃራኒው ነው። እዚህ ላይ የሚያረጀው ገመዱና ፕላስቲኩ ሲሆን፣ ገመዱ በመታጠፍ ብዛት ስለሚደክም፣ ፕላስቲኩም በዕድሜና በሙቀት ስለሚደርቅ ከፈረሰ መኪና የወጣ የካቦ ማንሻ መግዛት የሌላውን ሰው ቀሪ ዘመን እንደ መግዛት ይቆጠራል። የእኔን ማንሻ ከበሩ ሳወጣው የላይኛው መዘውር ለሁለት ተከፍሎ፣ ገመዱ ደግሞ ከጥቅልሉ ወጥቶ እንደ ተበተነ ድውር ሆኖ አገኘሁት፤ ከገመዱ ክሮች ተበጥሳ የቆመችው አንዷ አውራ ጣቴን ወግታ ስታደማኝ ነው ጓንት ማድረግ እንደነበረብኝ የተረዳሁት። ይህን ያየ ሰው ያገለገለ ካቦ በእጁ ይዞ ጥንካሬውን ልመዝን ቢል የሚያየው የለም፤ የሚበጠሰው ክር ያለው በመዘውሩ ዙሪያ ተጠምዞ ነውና። ስለዚህ ለካቦው ዓይነት መካከለኛ ዋጋ ያለው አዲስ ቅጂ፣ ገመዱ፣ ሐዲዱና ተንሸራታቹ በአንድነት ተገጣጥሞ የሚሸጠው፣ ከሁሉ የተሻለ ነው። ስትገዙ ተንሸራታቹ ከብረት ይሁን ከፕላስቲክ እዩ፤ የቮልስዋገን ጎልፍ አራተኛው ትውልድ መስታወቱን የሚይዙት የፕላስቲክ ነካሾች እየተሰበሩ መስታወቱ በሩ ውስጥ በመውደቁ የታወቀ ሲሆን፣ በብረት የተተኩት ነካሾች ለብቻቸው ስለሚሸጡ የዚያ መኪና ባለቤት ሙሉ ማንሻ ለመግዛት መቸኮል የለበትም።

ከአምራቹ ኩባንያ ሳጥን የሚወጣው አዲስ ኦርጅናል ከሁሉም እንደሚበልጥ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ዋጋው ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ አዲስ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሽቅብ ወጥቷል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከላቸው ደግሞ በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪኖች ለረጅም ጊዜ ልናቆያቸው ነው። በዚህ ምክንያት አዲስ ኦርጅናል የምመክረው የሾፌሩን በር ለማስጠገን ብቻ፣ ያውም መኪናው ብዙ ዓመት በእጅ እንዲቆይ ለሚፈልግ ሰው ነው። የኋላ በር መስታወት በቀን አንድ ጊዜ እንኳ ላይነካ ይችላል፤ ለእሱ ይህን ያህል ማውጣት ብክነት ነው።

የሞተሩ ጥያቄ ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። በሱቅ ማንሻውም ሞተሩም በአንድነት «ፓወር ዊንዶው» እየተባሉ ስለሚጠሩ ዋጋው ለየትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ሞተራችሁ ደኅና ከሆነ ማንሻውን ለብቻው መግዛት ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ በካቦው ዓይነት ሞተሩን በሦስት ቡሎን ፈትቶ ወደ አዲሱ ማዛወርም አያስቸግርም። በመቀሱ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ የመስታወቱን ክብደት የሚያግዝ ጠንካራ ጥምዝ ስፕሪንግ ስላለ፣ ክንዱ ሳይታሰር ሞተሩ ከተፈታ ክንዱ በድንገት ተፈናጥሮ ጣት ሊቆርጥ ይችላል። የመቀስ ማንሻ በቤቱ የሚቀይር ሰው ከነሞተሩ የተገጠመውን ቢገዛ የሚጨምረው ገንዘብ የጣቱ ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለብቻው ከገዛም ጥርሱንና መቀመጫውን በጠንካራ መያዣ ሳያሥር ቡሎን አይንካ።

በተጨማሪም የሞተሩን ሶኬት እግሮች ቁጠሩ። ተራው ሞተር ሁለት ሽቦ ብቻ ሲኖረው፣ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ሲነኩት እስከ መጨረሻው የሚወጣና እጅ ሲያገኝ የሚመለሰው ሞተር አራት፣ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሽቦ አለው። ሁለቱ አይተካኩም። የአይሱዙ የጭነት መኪና ባለቤቶች ደግሞ ቮልቴጁን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ በ24 ቮልት ስለሚሠሩ የ12 ቮልት የቤት መኪና ሞተር ቢገጠምባቸው ይቃጠላል።

ጥገናን በተመለከተ ሁለት ነገር እለያለሁ። የመቀሱ ክንድ የፕላስቲክ ተሽከርካሪ ብቻ ከወለቀ፣ ልኩን ለቶርኖ ሠራተኛ አሳይቶ ከጠንካራ ናይሎን ማስቀረጽ ሥርዓት ያለው ጥገና ነው፤ ከመግዛትም ይረክሳል። የተበጠሰ ካቦን በብስክሌት የፍሬን ገመድ መተካት ግን፣ ምንም እንኳ ውፍረታቸው ቢቀራረብ፣ ሲቆይ አላየሁም። የመስታወቱ ገመድ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደው በትንሽ መዘውር ላይ እንዲታጠፍ ነው፤ የፍሬኑ ገመድ ክሮች ግን ወፈር ያሉ ስለሆኑ በዚያ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ደክመው ይበጠሳሉ። ማንሻውን አውጥቶ በእጅ በሚዞር መተካትም የሚቻለው ለዚያው መኪና በእጅ የሚዞር ሥሪት ካለና የበሩ ፓኔል የእጀታው ቀዳዳ ካለው ነው፤ ለሥራ መኪና አይከፋም።

ከጎጃም ሆኖ ዕቃ የሚያዝ ሰው አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ከቆመው ገዢ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ በአውቶብስ ተጭኖ የመጣ የተሳሳተ ዕቃ መልሶ መላኩ ራሱ ሌላ ወጪ ነውና። እኔ በስልክ «የሾፌር በኩል» ብዬ ያዘዝሁት ማንሻ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የቀኝ በር ሆኖ ተገኘ። ዕቃውን አብሮኝ የፈታው ልጅ ከበሩ አጠገብ ይዞ ሲያነጻጽረው «አያ፣ ይኸማ መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የወጣ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ በጃፓን መሪው በቀኝ ስለሆነ የእነሱ የሾፌር በር የእኛ የረዳት በር ነው። ሱቁ አልመልስም አለ። ስለዚህ ስታዝዙ «ሾፌሩ ተቀምጦ በግራ እጁ በኩል ያለው የፊት በር» ብላችሁ ተናገሩ፤ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር፣ የአሮጌውን ማንሻ ከማስመሪያ ጎን የተነሣ ፎቶግራፍና የሶኬቱን ፎቶግራፍ አብራችሁ ላኩ። ከማስጫናቸውም በፊት ሞተሩን በባትሪ ነክተው ሲዞር በቪዲዮ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ሥራውን በቤት መሥራት ወይም ወደ ጋራዥ መውሰድ የሚለው ጥያቄ በመሣሪያ ብቻ አይወሰንም። መሣሪያው ጥቂት ነው፦ ካቻቪቴ፣ የ10 ቁጥር ቡሶላ፣ ፓኔሉን የሚያላቅቅ ጠፍጣፋ ፕላስቲክና ጠንካራ ፕላስተር። በጎን በኩል ኤርባግ ላለው መኪና የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከእጀታውና ከክንድ ማስደገፊያው ሥር የተደበቁት ብሎኖች ከወጡ በኋላ ፓኔሉ በዳርና ዳር ካሉት የፕላስቲክ ቁልፎች ይላቀቃል፤ መስታወቱ ወደ ላይ ተገፍቶ በበሩ ክፈፍ ላይ በፕላስተር ከታሠረ ማንሻው በአገልግሎት ቀዳዳው በኩል ይወጣል። ለጀማሪ ግማሽ ቀን ይበቃል። ጋራዥ የምመርጠው መስታወቱ በማጣበቂያ የተያያዘ ሲሆን ወይም ሲወድቅ ጠርዙ ተፈልቅቆ ከተገኘ ነው፤ የተፈለቀቀ መስታወት በትንሽ ጥምዘዛ እጅ ላይ ይበተናል።

ማንሻ የሚገዛ ሰው በዚያው ቀን መስታወቱ የሚንሸራተትበትን የጎማ መስመር ካልመረመረ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። የጠጠር መንገድ አቧራ በጎማው ውስጥ ተጋግሮ ሲደርቅ መስታወቱ ይከብዳል፤ አዲሱ ካቦም ያንኑ ሸክም ይዞ ይሰበራል። መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ሲሊኮን መንፋት ይበቃል፤ ግራሶ የሚቀባው በብረቱ ሐዲድና በጥርሱ ላይ እንጂ በጎማው ላይ አይደለም፤ አቧራውን መልሶ ይሰበስበዋልና። ጎማው ተሰነጣጥቆ ከሆነ ከማንሻው ጋር አብሮ ማዘዙ የመላኪያውን ወጪ ያቃልላል።

በመጨረሻም ከፓኔሉ ሥር በጥቁር ሙጫ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ ቀድዶ የሚጥል ብዙ ሰው አለ። ያ ላስቲክ በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ ሆድ የሚገባውን ዝናብ ወደ ታችኛው ማፍሰሻ ቀዳዳ የሚመልሰው ነው፤ ከሌለ ውሃው ወደ ውስጥ ተሻግሮ ምንጣፉን ያበሰብሰዋል። እኔ ላስቲኩን መልሼ ከለጠፍሁ በኋላ፣ ፓኔሉን ሳልገጥም፣ መስታወቱን ዘግቼ አንድ ጆግ ውሃ በውጭ በኩል በጎማው ላይ ቀስ ብዬ አፈሰስሁ፤ ውሃው ከበሩ ሥር ጠብ ጠብ ሲል ካየሁ በኋላ ነው የመጨረሻውን ብሎን ያሠርሁት።