ራሜስዋራምን በአንድ ቀን አትጨርሷት

ራሜስዋራም ደርሼ መጣሁ ስል ቼናይ ያሉ ጓደኞቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ቤተ መቅደሱ ነው። እኔ ግን ወሬውን የምጀምረው ከድልድዩ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የማጠናው፤ ድልድይ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ከተማዋ በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት ጫፍ፣ ፓምባን ደሴት ላይ ናት። የድሮው የባቡር ድልድይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። መርከብ ሲመጣ ሠራተኞች በእጃቸው መዘውር እያዞሩ መሃሉን ለሁለት ከፍተው ያሳልፉ ነበር። የባሕሩ ጨው ብረቱን ሲበላው ኖሮ በ2022 መጨረሻ ባቡር ቆመበት። አዲሱ በኤፕሪል 2025 ተመረቀ። ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። የ72.5 ሜትሩ መሃል እንዳለ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳና መርከቡ ከሥሩ ያልፋል። ይህን ለማየት ስትሉ በቀን የሚሻገር ባቡር ምረጡ፤ ከማዱራይ የሚነሳ አለ። በአንዱ መስኮት ባሕሩ፣ በሌላው በ1988 የተከፈተው የመኪና ድልድይ ይታያል። ፉርጎው ውስጥ የተኛው ሁሉ ይነሳል፤ አሮጊቶች ሳይቀሩ እጃቸውን ወደ ውሃው አጣጥፈው ይጸልያሉ።

ወደ ራማናታስዋሚ ቤተ መቅደስ የገባሁት ከታሚል ጓደኛዬና ከአያቱ ጋር ነው። እሳቸውን እኔም እንደ እሱ «ፓቲ» (በታሚልኛ ሴት አያት) ነው የምላቸው። ሥርዓቱን ደረጃ በደረጃ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ያለው ባሕር፣ አግኒ ቲርታም። እዚያ ተነክሮ፣ ከነርጥብ ልብስ ወደ 22ቱ የውሃ ጉድጓዶች። በየጉድጓዱ አፍ አንድ ሰው ቆሞ በገመድ ባልዲ ይቀዳል፣ አናት ላይ ያፈሳል፣ «ቀጥል» ይላል። ጠበል የተጠመቀ ሰው የመጀመሪያው ባልዲ ሲያርፍበት የሚሰማውን ያውቀዋል። ፓቲ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሁሉንም ግን በእግራቸው ነው የዞሩት።

ለጉድጓዶቹ እኛ ስንሄድ የከፈልነው በሰው 25 ሩፒ ነበር። በር ላይ «ቶሎ አሳልፋችኋለሁ» እያለ ብዙ እጥፍ የሚጠይቅ ደላላ አለ፤ አትስሙት፣ ትኬቱን ከመስኮቱ ግዙ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በታሚል ናዱ ብዙ ቤተ መቅደሶች እንዲህ ነው። ደረቅ ልብስ በፌስታል ያዙ፣ በርጥብ ልብስ ወደ ውስጠኛው መቅደስ አይገባም። እኔ ሂንዱ ስላልሆንኩ እዚያ አልገባሁም፤ ፓቲ ሲገቡ ውጭ መተላለፊያው ላይ ጠበቅኋቸው።

መጠበቁን ወደድኩት። የውጪኛው መተላለፊያ 1212 ዓምዶች አሉት፤ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ዓይን እስኪደክም ይሄዳሉ። ጠዋት በማለዳ ሰው ሳይበዛ ድረሱበት። ፓቲ ሲወጡ ታሪኩን ነገሩኝ። የሂንዱ አምላክ ራማ የአጋንንቱን ንጉሥ ራቫናን ከገደለ በኋላ ሌላውን አምላክ ሺቫን ሊያመልክ ፈለገ፤ የዝንጀሮ መልክ ያለውን አገልጋዩን ሃኑማንን ሊንጋም (የሺቫ ምልክት የሆነ ድንጋይ) እንዲያመጣ ወደ ካይላሽ ተራራ ላከው። ሃኑማን ሲዘገይ የራማ ሚስት ሲታ ሌላ ሊንጋም ከአሸዋ ሠራች። ዛሬ ሁለቱም እዚያ አሉ። መጀመሪያ የሚመለከው ግን ዘግይቶ የደረሰው የሃኑማን ነው፣ ልፋቱ ከንቱ እንዳይቀር። ከሰማኋቸው የቤተ መቅደስ ታሪኮች ሁሉ ልቤን የነካው ይሄ ነው።

ደስ ያላለኝ ማደሪያው ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ እንግዳ ማረፊያ ሌሊቱን ውሃ ጠፋበት። ከባሕር ወጥቶ ጨው የተጋገረበት ሰው ውሃ ሲያጣ ምን እንደሚል አስቡት። ድልድዩ ሰውን በፍጥነት ያመጣል፤ የሚታጠቡበትና ልብስ የሚቀይሩበት ንጹሕ ቦታም አብሮ መታሰብ አለበት፣ በተለይ ለሴቶችና ለአረጋውያን። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ቧንቧውን ከፍታችሁ እዩ።

በማግስቱ በባጃጅ በደሴቷ ጫፍ ወዳለችው የፈረሰች ከተማ ዳኑሽኮዲ ሄድን። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩም ጭምር ንገሩት፣ የኛው ሹፌር ገና ሳንወርድ «እንሂድ» ይል ነበር። በዲሴምበር 1964 አውሎ ነፋስ ከተማዋን ጠራርጎ ወስዷታል፤ በሌሊት ወደዚያ ሲገባ የነበረ ባቡርም ከነተሳፋሪዎቹ ባሕር ገብቷል። የቀረው ጣሪያ የሌለው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳና የጣቢያው ፍራሽ ነው። እስከ አሪቻልሙናይ ጫፍ የሚያደርሰው አስፋልት በ2017 ተከፍቷል፤ ከዚያ በፊት በአሸዋው ላይ የሚኬደው በጂፕ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ዛሬም ዛጎልና የተጠበሰ ዓሣ ይሸጣሉ። ከነሱ ግዙ። ጥላ ስለሌለ ኮፍያና ውሃ ያዙ፣ ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ። በመንገድ ላይ ከአውሎ ነፋሱ የተረፈው የኮታንዳራማስዋሚ ቤተ መቅደስ አለ፤ ሹፌሩ ቢያጉረመርምም አስቁሙት።

ለኤ.ፒ.ጄ. አብዱል ካላም መታሰቢያ ከግማሽ ቀን ያላነሰ ስጡ። የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ካላም የተወለዱት እዚህ በ1931 ነው፤ የተቀበሩትም እዚሁ በ2015 ነው። አባታቸው የመስጊድ ኢማም ሆነው፣ የሂንዱ ምዕመናንን በጀልባ ወደ ዳኑሽኮዲ ያመላልሱ ነበር። ከቤተ መቅደሱ ዋና ካህን ጋርም የልብ ወዳጅ ነበሩ። ካላም ራሳቸው በልጅነታቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባቡሩ ጣቢያው ላይ መቆም ሲተው፣ ከሚሄድ ባቡር የሚወረወር የጋዜጣ እሽግ እየለቀሙ ያድሉ ነበር። ፓቲ መቃብሩ ጋ ጫማቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ማንም አላስቸኮላቸውም።

ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የዝናብና የነፋስ ወቅት ነው፤ ጃንዋሪና ፌብሯሪ ይሻላሉ። የባቡር ትኬት ቀድማችሁ ቁረጡ፤ የመስኮት ወንበር።